የአሮጌ ሰንጢ እድሳትና ልኩ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ በገበያ ቀን የሚዘዋወር ሰው፣ በኤሌክትሪክ የሚዞር የሞረድ ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ተክሎ የአላፊ አግዳሚውን ቢላዋ፣ መጥረቢያና ሰንጢ የሚስል ወጣት ቢያይ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ድንጋዩ ሲሽከረከር የሚረጨው የእሳት ፍንጣሪ ሕፃናቱን ዙሪያውን ይሰበስባቸዋል፤ ባለንብረቱም ጠቁሮና ዝጎ ያመጣው ብረት ነጥቶና አብረቅርቆ ሲመለስለት፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ወጣቱንም መርቆ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሆኖም ያን ስለት ወደ ፀሐይ አዙሮ በጥንቃቄ ቢመረምረው፣ ከጫፉ አጠገብ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥኖ የተሠመረ ሰማያዊ ቀለም ያገኝ ይሆናል፤ ቀለሙም ለዓይን ቢያምርም ብረቱ መጎዳቱን የሚመሰክር ምልክት ነው።

የሰንጢ ብረት መጀመሪያ በእሳት ግሎ በውኃ ወይም በዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንዲህ የጠነከረ ብረት በትንሽ ምክንያት የሚሰበር ስለሚሆን፣ ሠሪው እንደ ገና በልዝብ እሳት እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያሞቀውና ጥንካሬውን ከመጠነኛ ልስላሴ ጋር ያስማማለታል። ብረቱ ከዚያ አልፎ ወደ 300 ዲግሪ ሲደርስ መልኩ ሰማያዊ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ሠሪው የሰጠው ጥንካሬ ከስለቱ ላይ ተነሥቷልና፣ ዛሬ ጸጉር የላጨው ሰንጢ በማግስቱ ሽንኩርት መቁረጥ ያቅተዋል። የስለት ጫፍ እጅግ ቀጭን ስለ ሆነ፣ በሚዞር ደረቅ ድንጋይ ላይ ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ቀላልና ርካሽ ነው፦ ከድንጋዩ አጠገብ አንድ ባልዲ ውኃ ማኖር፣ ብረቱ ጣትን ማሞቅ በጀመረ ቁጥርም እየነከሩ ማብረድ። ነገር ግን ባልዲው ሥራውን ያዘገየዋል፤ ደንበኛውም መዘግየትን አይወድም።

ይህን የምጽፈው ወጣቱን ለመንቀፍ አይደለም። እርሱ የሚሠራው የሚከፈልበትን ነው፤ እኛም የምንከፍለው ለሚያብረቀርቅ ብረት ነው። ጥፋቱ፣ አሮጌ ዕቃ ታደሰ የምንለው አዲስ መስሎ ሲታይ ብቻ የመሆኑ ልማድ ነው። በእኔ አስተያየት እድሳት ልክ አለው፤ ልኩም ዕቃው የተሠራለትን ተግባር መልሶ ማከናወን የሚችልበት ደረጃ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ የሚደረገው መፈተግና መቀባት ሁሉ ከዕቃው ዕድሜና ከታሪኩ ላይ የሚቀነስ ነው። ያን ልክ ለይቶ የሚያውቀው ደግሞ የለመደ እጅ ስለ ሆነ፣ እጁን አክብረን ካልያዝነው ልኩን የሚነግረን አናገኝም። ይህን ነገር ለማስረዳት ከታላላቆቹ ቅርሶች ይልቅ በኪስ የሚያዘውን፣ ብዙ መሣሪያ በአንድ እጀታ ውስጥ የተጣጠፈበትን አሮጌ ሰንጢ መርጫለሁ።

እንዲህ ያለውን ሰንጢ በዓለም ካስፋፉት ነገሮች አንዱ የወታደር ችግር ነው። የስዊስ ሠራዊት በ1889 እ.ኤ.አ. አዲስ ጠመንጃ በታጠቀ ጊዜ፣ ወታደሩ ጠመንጃውን የሚፈታበት ካቻቢቴና የታሸገ ምግብ የሚከፍትበት መክፈቻ ስላስፈለገው፣ እነዚህን ከስለትና ከመብሻ ጋር በአንድ እጀታ ያጣመረ ሰንጢ እንዲሠራለት ታዘዘ። የመጀመሪያዎቹ በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ ተሠርተው መጡ፤ በ1891 ግን ኢባኽ በምትባል መንደር ካርል ኤልስነር የተባለ ቢላዋ ሠሪ ሥራውን ወደ አገሩ መለሰው፤ በ1897ም ቀለል ያለውን፣ ሁለተኛ ትንሽ ስለትና የቡሽ መንቀያ የተጨመረበትን የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ። እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ባረፉ ጊዜ የዕቃው ምልክት በስማቸው ተሰየመ፤ በ1921 የማይዝገው ብረት ለሥራው ሲውል ደግሞ የብረቱ ስም ከእናቲቱ ስም ጋር ተጋጥሞ ቪክቶሪኖክስ የሚባለው ስም ወጣ። ቲም ሌዘርማን የሚባለው አሜሪካዊም በ1975 አውሮፓንና መካከለኛውን ምሥራቅ በአሮጌ ፊያት መኪና ሲዞር፣ መኪናዋ በየመንገዱ እየተበላሸች፣ በኪሱ ያለው ሰንጢ ፒንሳ የሌለው ሆኖ ስላስቸገረው፣ ፒንሳን መካከለኛ መሣሪያ ያደረገውን ዕቃ አስቦ ከብዙ ልፋት በኋላ በ1983 ለገበያ አበቃው። ከዚህ ሁሉ ለነገራችን የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በድሮዎቹ ዘንድ የማይዝግ ብረት ስላልነበረ፣ ከአያት የደረሰን ሰንጢ ዝጎ ብናገኘው የሠሪው ጉድለት አለመሆኑ ነው።

ወደ እኛ አገር ይህ ዓይነቱ ሰንጢ በልዩ ልዩ በር ገብቷል። በ1933 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በጎጃም በኩል ሲገቡ፣ በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር አብሯቸው ነበር፤ ጎጃምም በዚያን ጊዜ እነ በላይ ዘለቀ በቢቸና በኩል ጠላትን እረፍት የነሡበት የአርበኞች አገር ነበረ። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጦር ሰንጢ እጀታው ጥቁርና ላዩ በጥቃቅን አራት ማዕዘን የተቆራረጠ፣ በአንድ በኩል ሰፊ ስለትና የቆርቆሮ መክፈቻ፣ በጀርባው በኩል የገመድ ቋጠሮ የሚፈታበት ወፍራም ወስፌ ያለው፣ በጫፉም በገመድ የሚንጠለጠልበት ቀለበት የተገጠመለት ነው። ከወታደር እጅ ወጥቶ ወደ ባላገር እጅ የገባ እንደ ሆነ፣ የመርከበኛ ገመድ ሊፈታ የታሰበው ወስፌ ጠፍርን ለመብሳትና የጭነት መጫኛን ቋጠሮ ለማላላት ያገለግላል፤ የቆርቆሮ መክፈቻውም የሚከፍተው ቆርቆሮ ሲያጣ የጠላ ቤት የጠርሙስ ክዳን እየነቀለ ይኖራል። ከአንድ ዘመዴ እጅ ወደ እኔ የደረሰው እንዲህ ያለው ነው።

ደብረ ወርቅ ግን ይህ ሁሉ ከመምጣቱ አስቀድሞ ስለትን የሚያውቅ አገር ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ ሥሏታል ተብላ በትውፊት የምትነገረው የእመቤታችን ሥዕል የምትከበርበት ይህ ደብር የሊቃውንትና የተማሪዎች መናኸሪያ ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከቀሰሙባቸው አድባራት አንዱ ነው። መጽሐፍ ባለበት ቦታ ደግሞ ካራ አለ። ቁም ጸሐፊው የፍየሉን ቆዳ በመወጠሪያ ላይ ወጥሮ በስለት ይፍቀዋል፤ የመቃ ብርዑን በስለት ይቀርጻል፤ በሳተም ጊዜ ቀለሙን ከብራናው ገጽ ላይ በስለት ጫፍ ቀስ አድርጎ ፍቆ ያነሣዋል። የብርዕ አቀራረጽ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም፦ መቃው በአግድመት ተቆርጦ ጫፉ ሲሳሳ፣ በመካከሉም ቀለም የሚወርድበት ስንጥቅ ሲወጣለት፣ ስለቱ የደነዘ ከሆነ መቃው በመቆረጥ ፈንታ ይጨፈለቃል፤ ስንጥቁ ከታሰበለት መሥመር ይወጣል፤ ቀለሙም በሐረጉ መካከል ይንጠባጠባል። ስለዚህ ጸሐፊው ካራውን በለስላሳ ድንጋይ ላይ፣ ውኃ እያስነካ፣ ሳይቸኩል ይስለዋል። ስለቱን አለቅጥ የሚፍቅ ሰው ካራውን እንደሚጨርሰው፣ ስሕተቱን አለቅጥ የሚፍቅ ጸሐፊም ብራናውን እንደሚበሳው ያውቃልና፣ የመፋቅን ልክ ከማንም በፊት የተማረው እርሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያን ካራ የሠራው ግን ማን ነበር? እዚህ ላይ የሊቃውንቱን አገር የሚያሳፍር ነገር አለ። ብረት ሠሪው ወናፉን እየነፋ፣ በመስፉ ላይ እየቀጠቀጠ፣ ለገበሬው ማረሻና ማጭድ፣ ለጸሐፊው ካራ፣ ለቤተ ክርስቲያኑም ደወልና ቁልፍ እየሠራ ሲኖር፣ ቀጥቃጭ እየተባለ ይናቅ፣ ቡዳ እየተባለ ይፈራ ነበር፤ ርስት ከመያዝና ከሌላው ጋር በጋብቻ ከመተሳሰርም ይከለከል ነበር። ይህን ያደረጉት መጽሐፍ የማያውቁ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ባላስገረመ። መጽሐፈ ሲራክ በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፉ በመስፉ አጠገብ ተቀምጦ ከእሳት ወላፈን ጋር የሚታገለውን ብረት ሠሪ ገልጾ፣ እንዲህ ያሉ ጥበበኞች ከሌሉ ከተማ ሰው ሊኖርባት እንደማትችል ይናገራል፤ ይህን መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያናችን በቀኖናዋ የተቀበለችው፣ ሊቃውንቱም የሚያነቡት ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በአሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ፣ ፍልስጥኤማውያን በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ እንዳይገኝ ስላደረጉ፣ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቱ አገር ይወርድ እንደ ነበረ ተጽፏል። ፍልስጥኤማውያን በጉልበት ያደረጉትን እኛ በስድብ አደረግነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል፤ ከዚያም በኋላ በአዲስ አበባ ተግባረ እድ የሚባለው ትምህርት ቤት ተከፍቶ ብዙ ባለሙያ አፍርቷል። ነገር ግን አዋጅ ምላስን ቢገታም ልብን ቶሎ አይለውጥም፤ ልጁ የአባቱን መዶሻ እንዲይዝ የሚፈልግ ብረት ሠሪ ዛሬም ጥቂት ነው፤ በዚህም አይፈረድበትም። አባትየው ሲያርፍ፣ ብረት በየትኛው ቀለም ከእሳት እንደሚወጣ፣ በየትኛውም ውኃ እንደሚነከር የሚያውቀው ዓይን አብሮ ያርፋል። የሞረድ ድንጋይ የሚያዞረው ወጣት ከዚህ ዓይን ጋር ሳይገናኝ ነው ኤሌክትሪኩን የሰካው።

አሁን ወደ ሰንጢው ልመለስ። የዛገ ሰንጢ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ነገር ምንም አለማድረግ ነው። ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ሥር፣ በዝገቱ ሥር ተሸፍኖ፣ የሠሪው ስም፣ የከተማው ስም፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመቱ ተቀርጾ ይገኛል፤ በእንግሊዝ ጦር ዕቃ ላይም የመንግሥት ንብረት መሆኑን የሚያመለክት የፍላጻ ጫፍ ምልክት አለ። ይህን ሳያነብ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትግ ሰው የሰንጢውን የልደት ምስክር ወረቀት አጥፍቶ ስለ ዕድሜው ይጠይቃል። በእኔ ሰንጢ ላይ ከሼፊልድ ከተማ ስም የታየው ግማሹ ነበር፤ የቀረው በቀይ ዱቄት ተሸፍኖ ስለ ነበረ በአውራ ጣቴ ጥፍር ቀስ ብዬ እየፋቅሁ አወጣሁት።

ቀጥሎ የሚመጣው ላምባ ነው። ወስፌውና መክፈቻው ደርቀው እንቢ ሲሉ በጉጠት ይዞ መሳብ ሞላውን ይሰብረዋል፤ ሞላ ከተሰበረ ደግሞ የዳሩ ችንካር ተቀጥቅጦ የተዘጋ በመሆኑ ሰንጢው ዳግመኛ እንደ ነበረ አይገጠምም። በላምባ በተሞላ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ተነክሮ ሲያድር ላምባው ወደ ማጠፊያው ይሰርጋል፤ በማግስቱ ጥቂት ይነቃነቃል፤ እንደ ገና ተነክሮ ያድራል። የሚነቃነቅ ሲሆን በመወልወያ፣ በቀርከሃ ስንጥርና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ውስጡ ይጠረጋል። ከውስጡ የሚወጣው የታሪክ ማኅደር ነው፦ የደረቀ ቅባት፣ የጤፍ ገለባ፣ የነጠላ ክር፣ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ የሰም ቁራጭ፣ የትንባሆ ትቢያ። (ዘመዴ ትንባሆ አልነካም እያለ ነበር የኖረው።)

ከዚያ የዝገቱን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ቀዩና ዱቄት የሚሆነው ብረቱን እየበላ የሚሄድ ስለ ሆነ መወገድ አለበት፤ ግራጫውና ጥቁሩ፣ ለስልሶ ከብረቱ ጋር የተዋሐደው ገጽ ግን ሥጋውን የሚጠብቅለት ቆዳው ስለ ሆነ ሊነካ አይገባም። ለቀዩ ዝገት ከየትኛውም የገበያ ቅባት ይልቅ እናቶቻችን የብረት ዕቃ የሚያሹበት የተነፋ አመድ ይበልጣል፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጥቂት አድርጎ፣ በስለቱ ርዝመት አቅጣጫ፣ ክብ ሳያደርጉ ማሸት ነው። አመድ ግን እጀታው አሉሚኒየም የሆነውን ሰንጢ ያበላሸዋልና እርሱን በሳሙና ብቻ ማጠብ ይገባል። ሎሚም ዝገትን በእርግጥ ያስለቅቃል፤ ነገር ግን ሎሚው ዝገቱን ጨርሶ ሲያበቃ ወደ ብረቱ ይተላለፋል፤ ረስቶት ያደረ ሰው በማግስቱ የሚያገኘው ነጥቦ ነጥቦ የተበላ ስለት ነው። የቀንድ ወይም የአጥንት እጀታ በውኃ ተነክሮ ካደረ ያብጥና ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ደግሞ ከአሮጌዎቹ የፕላስቲክ እጀታዎች አንዳንዱን ያሟሟዋል። ታጥቦ ያለቀው ሰንጢ እሳት ዳር ሳይሆን ፀሐይ ላይ፣ ሁሉም መሣሪያው ተከፍቶ ይድረቅ።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን ያሉት ሰንጢዎች ከዝገት ይልቅ በዚህ ይጎዳሉ። ቤት ውስጥ ያለው ዘይት ኑግ ስለ ሆነ ባላገሩ ማጠፊያውን በኑግ ይቀባል። የኑግ ዘይት ለወጥ የተመሰገነ ቢሆንም አየር ሲያገኘው እየወፈረና እየተለጠፈ የሚሄድ ባሕርይ አለው፤ የተልባ ዘይት እንዲያውም ሠዓልያን ከቀለም ጋር የሚቀላቅሉት ስለሚደርቅ ነው። በእነዚህ የተቀባ ማጠፊያ ለጥቂት ሳምንታት ይላላና ክረምቱ ሲወጣ በሙጫ የተጣበቀ ይመስላል፤ ባለቤቱም ዝጓል ብሎ እንደ ገና ኑግ ይጨምርበታል። የሚያስፈልገው አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ነው፤ በየገበያው ልብስ ሰፊ አለና ከእርሱ ይለመናል። ቀጥሎ ደግሞ ሰንጢውን በቆዳ አፎት ከትቶ ሣጥን ውስጥ መቆለፍ አይገባም፤ ቆዳ እርጥበትን ይዞ ስለሚያቆይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናም ውስጥ ስለቱን ቀስ እያለ ያዝገዋልና፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ ማኖር ይሻላል።

በመጨረሻ ስለቱ በወንዝ ወይም በገበያ በሚገኝ ለስላሳ ድንጋይ ላይ፣ ውኃ እየተነከረ፣ ወደ 20 ዲግሪ ያህል ተዘንብሎ በሁለቱም ወገን እኩል ይሳላል። ዐሥር ጊዜ በአንድ ወገን፣ ከዚያም በሌላው፤ ይህ ብቻ ነው። ሰንጢው ወረቀትን ሳይቦጭቅ የቆረጠ ጊዜ ሥራው አልቋል። ጎድጓዳ የዝገት ነጥቦች ቀርተው ይሆናል፤ ይቅሩ። እነርሱን ለማጥፋት የሚፈልግ ሰው የስለቱን ውፍረት በሙሉ እስከ ነጥቡ ሥር ድረስ መፈተግ ስላለበት፣ መልኩ የተስተካከለ ግን ለመታጠፍ የቀረበ ብረት ይተርፈዋል።

የመተው ጥበብ መጉደል በሰንጢ ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ ትንሽ ነው፤ በሌላው ቅርሳችን ላይ ግን ብዙ ያስከፍላል። ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አንዳንዶቹ በ1940ዎቹ ዓ.ም. ለጥገና ተብሎ በሬንጅና በቀይ ቀለም ተለብጠው ነበር፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በኢጣልያዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ጥገና ደግሞ ያንኑ ልባጥ ከድንጋዩ ላይ በማስለቀቅ ብዙ ደክሟል። በ1956 ዓ.ም. የዓለም የቅርስ ባለሙያዎች በቬኒስ ከተማ ተሰብስበው ያጸደቁት ሰነድም እድሳት ግምት በሚጀምርበት ላይ መቆም እንዳለበት ይደነግጋል። በየአድባራቱ ያሉ የብርና የነሐስ መስቀሎች ለበዓል እንዲያበሩ በአሸዋና በብረት ሱፍ ሲፈተጉ፣ የሰጪው ስምና የተሰጠበት ዘመን የተቀረጸበት ጽሑፍ በየዓመቱ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ይህን የሚያደርጉት ዲያቆናት ንዋየ ቅድሳቱን በማክበር የሚያደርጉት ስለ ሆነ ለመምከር ያስቸግራል። ሆኖም ጨርቅና ለብ ያለ ውኃ ከአሸዋው እንደሚሻል የሚነግራቸው አንድ ሰው ቢኖር የሚከፋ አይመስለኝም።

«ሕዝቡ የዕለት እንጀራ አጥቶ ሳለ ስለ ኪስ ሰንጢ ትጽፋለህ» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለዚህ የምመልሰው ይህን ነው። የምሥራቅ ጎጃም ሕዝብ የሚኖርበት ጤፍ የሚታጨደው በማጭድ ነው፤ ማጭዱም እንደ ሰንጢው በእሳትና በውኃ የጠነከረ ብረት ነው። በደረቅ ድንጋይ የተቃጠለ ማጭድ የያዘ ገበሬ በኅዳር ፀሐይ ደጋግሞ እየቆመ ይስላል፤ አገዳውን ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትታል፤ የበሰለው እህልም ይረግፋል። ሰንጢን የሚያድነው እጅና ማጭድን የሚያድነው እጅ አንድ ነው። «አዲስ መግዛት ይቀላል» የሚሉም አሉ፤ ከሩቅ አገር የሚመጣው ርካሽ ሰንጢ ብዙ መሣሪያ ቢደረደርበትም፣ ብረቱ ለስላሳ፣ ብሎኑም የሚላላ ሆኖ ከተገኘ፣ ወደ ቁራሌው ጆንያ የሚገባበት ቀን ሩቅ አይሆንም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ከአሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ እያወጡ እንደሚኖሩ፣ በገጠርም ብረት ሠሪው ከመኪና ባሌስትራ ጥሩ ቢላዋ እንደሚሠራ እናያለን፤ ብረቱም ሰውም አልታጣም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አካባቢ ላሉት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ነው። ስለ ብየዳና ስለ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ትምህርት መልካም ነው፤ በእርሱ ላይ ግን የስለት ሥራና ብረትን የማጠንከር ሥራ አጭር ሥልጠና ሆኖ ይጨመር፤ መምህሩም በወረዳው ውስጥ በዚህ ሙያ የሸመገለው ብረት ሠሪ ይሁን። «ሰርተፊኬት የለውም» የሚለው ምክንያት ሲነሣ፣ መምህር የሚቀጠርበት ደመወዝ ሳይቀነስ እንዲከፈለው፣ በአዳራሹም ከሌሎቹ መምህራን ጋር በአንድ ወንበር እንዲቀመጥ፣ ተማሪዎቹም «የኔታ» ብለው እንዲጠሩት ይሁን፤ የቅኔውን መምህር የኔታ የሚል አገር የብረቱን መምህር እንዲሁ ቢጠራ የሚጎድልበት ነገር የለም። በገበያው ሞረድ የሚያዞሩት ወጣቶችም ከሥራቸው ሳይፈናቀሉ በማታ ይምጡና ይማሩ።

የብቃት ምዘናውም በጽሑፍ ጥያቄ ባይሆን እመርጣለሁ። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ስሙና ዓመቱ በሥሩ የተቀረጸ አንድ የዛገ አሮጌ ሰንጢና አንድ የደነዘ ማጭድ ይሰጠው፤ መዛኞቹም አንድ የገበሬ ሽማግሌና አንድ ቁም ጸሐፊ ይሁኑ። ሽማግሌው በማጭዱ አንድ ነዶ ጤፍ አጭዶ ይይ፤ ጸሐፊውም በሰንጢው አንድ መቃ ቀርጾ፣ በተቀረጸው ብርዕ በሰንጢው ሥር ያነበበውን የሠሪውን ስም ይጻፍ። ስሙን ማንበብ ያልቻለ እንደ ሆነ ተፈታኙ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይምጣ።